የአንድ ምላጭ ክፍተት

ዋሲላ ለልጇ ቁርስ ልትሠራ በማለዳ ስትነሣ፣ ከአንገረቡ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእናቷን የነሐስ ሲኒያ፣ ትልቁን ትሪ፣ መሐል ለመሐል ተቀዶ አገኘችው። ቀዳዳው ክብ ነው፤ ከሻይ ብርጭቆ አፍ ጥቂት ይሰፋል። ጠርዙ በሞረድ ተስተካክሎ ጣት ቢዞርበት እንኳ የማይቧጥጥ ሆኗል። ሌባ ቢሆን ሙሉውን ይወስድ ነበር። የሲኒያውን ሆድ ቆርጦ ወስዶ፣ የቀረውን ወልውሎ መልሶ በሚስማሩ ላይ የሚሰቅል ሰው በሸሕዲ ከተማ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው ግቢ ማዶ ካለችው ክፍል የሚያድረው ታናሽ ወንድሟ፣ መካኒኩ ሽኩር ነው። በበሩ በኩል ቀና ብላ አየች። የሽኩር ክፍል ከውጭ ተቀርቅሯል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጋራዡ ሄዷል ማለት ነው።

ያን ሲኒያ እናታቸው ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳን ገዳሪፍ ተድራ ስትመጣ በግመል ጭና ያመጣችው ነው። በዚያ ቤት ወንድ ልጅ ሲያገባ ሂናው በሌላ ዕቃ አይቀርብም፤ በዚህ ሲኒያ ተበጥብጦ፣ ዙሪያውን ሻማ በርቶለት፣ ሴቶች ተራ በተራ በራሳቸው ተሸክመውት እየዘፈኑ ይገባሉ፤ ሙሽራውም እጁንና እግሩን ይዘረጋል። የሽኩር ሂና በዚህ ሲኒያ ገብቷል፤ ሚስቱ ዓመት ሳይሞላት በወሊድ ብትሞትበትም። ቀጣዩ ሙሽራ የዋሲላ አንድ ልጅ፣ ኢሳ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ግቢውን በጩኸት ታቀልጠው ነበር፤ ዛሬ ግን ጣቷን በቀዳዳው ዙሪያ አንድ ጊዜ አዙራ ተወችው። ሽኩር የመንግሥት እርሻውን ሎሪ ሞተር አውርዶ መሥራት ከጀመረ ሰንብቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘሩ ጋራዡ ድረስ መጥቶ፣ «ሎሪው ይነሣ እንጂ ስለ ልጁ እንነጋገራለን» ብሎታል። ልጁ የተባለው ኢሳ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተቆልፎበታል። ደሀ ከሹም አፍ «እንነጋገራለን» ሲሰማ «እለቅልሃለሁ» ብሎ ተርጉሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ የደሀው ሞኝነት አይደለም፤ ሌላ የሚይዘው ነገር ስላልተሰጠው ነው። ዋሲላም የሲኒያው ሆድ የልጇ መውጫ ከሆነ ሆዱ ብቻ ለምን፣ ሙሉውን ይውሰደው ብላ፣ ፉሉን በዘይትና በሚጥሚጣ አሽታ፣ ዳቦ ደርባ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

አዳራሹ ከመንገዱ ዳር ነው። በሩ ላይ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ሱፍ ይፈለፍላሉ። በመቃኑ ላይ አሁንም የከሰሉ መስመር አለ። ዋሲላ በመጣች ቁጥር ዓይኗን ከዚያ መስመር ማንሣት አልቻለችም። ኢሳ ሽንፋ ካሉት ዘመዶቹ ጋር ሰሊጥ አጭዶ ሲመለስ ነው የያዙት፤ የቀን ሠራተኛ የሚቀጠርበት አደባባይ ተከቦ፣ ቀጣሪና ተቀጣሪ ሳይለይ ተጠርጎ ገባ። አሥራ ሰባት ዓመቱን ገና አልደፈነም። ይህን ስትናገር «ዕድሜ በእናት አፍ አይለካም» አሏትና በመቃኑ ላይ በከሰል አሰመሩ። ራሱ ከመስመሩ በላይ የዋለ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው፤ ከመስመሩ በታች የዋለ ልጅ ነህ ተብሎ ተሰናበተ። የቆላ ልጅ ደግሞ እንደ ማሽላ አገዳ ነው፤ ቁመቱ ከዕድሜው ይቀድማል። ከደጋ የወረዱ፣ ልጅ የወለዱ፣ ጢማቸው የሸበተ አጫጆች በአጭርነታቸው «ልጆች» ሆነው ሲወጡ፣ ከንፈሩ ላይ ፀጉር ያላበቀለው ኢሳ በቁመቱ ጎልማሳ ሆነ። በማግስቱ ኮታው ሲጎድል መስመሩን በስንዝር ዝቅ አደረጉትና የተሰናበቱትን ከየሜዳው ለቀሟቸው። ሰውን እንደ ቦንዳ ጨርቅ በክንድ የሚለካ መንግሥት አገር እጠብቃለሁ ሲል የሚያፍርለት እንኳ አልተገኘም።

ከአጥሩ ሥር አገኘሽ ተቀምጣለች። ከጎጃም ለአጨዳ ከታላቅ ወንድሟ ጋር የወረደች ናት። ወንድሟ መስመሩ ዝቅ ሲል ከገቡት አንዱ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። በእነዚህ ቀናት አጥሩ ሥር ሁለቱ ሴቶች ተላምደዋል፤ ስለታሰሩት አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ ገበያ ነው።

«ስኳር ማዶ ስንት ገባ ይላሉ፣ እትዬ?»

«ኬላው ከተዘጋ ወዲህ ማን ገባ ወጣ ብለሽ። ያለው ሰው ሻዩን በተምር ይጠጣል።»

«ሰሊጡንስ እርሻው በስንት ተረከበ?»

«በፈለገበት።»

አገኘሽ ፈገግ አለች። ከዚያ መሬቱን በእንጨት እየጫረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ይጭኗቸዋል አሉ» አለች። «ኸዘበኞቹ ሰማሁ። በእርሻው ሎሪ።»

ዋሲላ ሳቅ አለች። «የእርሻው ሎሪማ ሞተሩ ወርዶ ተበታትኗል። ወንድሜ አይደል እንዴ የሚሠራው።»

«እሱንም ብለዋል። የርስዎ ወንድም ዛሬ ይጨርሰዋል፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ይነሣሉ ነው ያሉት።»

ዋሲላ የፉሉን ሳህን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ኢሳ ፍርግርጉን ይዞ እየጠበቃት ነበር። ፊቱ ጠፍቷል፤ ዓይኑ ብቻ የቀረ ይመስላል። ከኋላው በሲሚንቶው ላይ ልጆች እንደ ጆንያ ተደርድረዋል፤ የላብና የሽንት ሽታ በመስኮቱ ይወጣል። ሳህኑን በፍርግርጉ ሥር አሾልካ ሰጠችው። አልበላም።

«እማ፣ ሎሪውን የሚሠራው ኻሊ ሽኩር ነው አሉ። እውነት ነው?» አለ። የእናቱን ወንድም የሚጠራው እንደ ማዶ ሰው ኻሊ ብሎ ነው።

«እውነት ነው።»

«ራሱ ነው? ሌላ ሰው እጁን አላስገባበትም?»

«ራሱ ነው።»

ኢሳ ትንፋሹን አወጣ። ወደ ኋላ ዞሮ ለአንዱ፣ «አላልኩህም?» አለው። ከዚያ ወደ እናቱ ተጠጋ። «ልጆቹ ዳገቱን ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ኻሊ ከሠራው አይቆምም ብያቸዋለሁ።»

የቱን ዳገት እንደሚል አልጠየቀችውም። በክረምቱ መግቢያ አንድ ሎሪ የቀን ሠራተኞችን አጭቆ ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ የጭልጋ ዳገት ወገቡ ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ገብቷል። ሬሳ ሊያወጡ ከሄዱት መሐል ሽኩርና ኢሳ ነበሩ። ኢሳ ከዚያ ወዲህ ሥጋ መብላት ትቷል። እነዚህ ልጆች የሚወሰዱበትን ጦርነት አላዩትም፤ በወሬ እንጂ የማያውቁት አገር ነው። ዳገቱን ግን አይተውታል። ሰው የሚፈራው የሚያውቀውን ነው።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው ዋሲላ። 

ጓድ ዘሩን ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ አገኘችው። ካኪ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። ቀድሞ በአህያ ጨው ይነግድ የነበረ ሰው ነው፤ ሥልጣን ሲይዝ መጀመሪያ የረሳው ጨው የሸጠላቸውን ሰዎች ስም ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሎሪው ይነሣ ብለው ነበር። ወንድሜ እያነሣው ነው። ልጄስ?»

«ምን ብዬ ነበር፣ ወይዘሮ ዋሲላ?»

«እንነጋገራለን።»

ዘሩ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ይኸው እየተነጋገርን አይደል?» አለ፣ ሳይቆጣ፣ ሳያፍር፣ እንዲያው በቅንነት የሚያስረዳ ሰው መስሎ። «ልጁ አገሩን ሊጠብቅ ነው የሚሄደው። ዐሥር ሰዓት ላይ ነጭ ልብስ ለብሰሽ ነይ፤ እናቶች እልል ብለው ይሸኛሉ።» መፋቂያውን መልሶ ወደ ውስጥ ገባ።

ወደ ጋራዡ ስትሄድ መንገዱን አላየችውም። በየሜዳው የሰሊጥ ነዶ እንደ ድንኳን ቆሟል፤ ተሸካሚዎች ጆንያ ይሰፋሉ፤ አንዱ የምታውቀው ነጋዴ «ዋሲላ፣ ደኅና አደርሽ?» ሲላት አልፋው ሄደች። ሄዳ ምን እንደምትለው ታውቃለች። ሞኝህን ፈልግ እንዳሉህ አታውቅም፣ ትለዋለች። የገዛ እኅትህን ልጅ የሚወስድ ሎሪ ነው የምትሠራው፣ ትለዋለች። ሽኩር ደንግጦ መፍቻውን ሲጥል በዓይነ ልቦናዋ አየችው። ደንግጦ ሲጥል ማየቱ ትንሽ አጽናናት፤ ቢያንስ ሁለት ይሆናሉ።

ጋራዡ ከአንድ ሮቃ ዛፍ ሥር የተዘረጋ ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ገና ከፍ ሳትል ቆርቆሮው መንጣጣት ጀምሯል። ሎሪው አፍንጫው ተነሥቶለት፣ ራዲያተሩ ወርዶ፣ የሞተሩ ፊት ለፊት ተገልጦ ቆሟል። ሽኩር በበርሜል ላይ የመስኮት መስታወት አጋድሞ፣ በመስታወቱ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ፣ አንዲት የነሐስ ቀለበት በመዳፉ ተጭኖ በክብ በክብ ይፈትጋል። ከመስታወቱ ጥግ ሁለት የጢም ምላጮች ከነወረቀታቸው ተቀምጠዋል።

«ሲኒያውን አየሽው» አለ ሳይዞር።

«አየሁት።»

«ነሐስ አጣሁ፣ እቴ። ገዳሪፍ ልኬ ነበር፤ ኬላው ተዘጋ። ከጥይት ቀለህ ሞከርኩት፤ ስስ ነው፣ ይቀደዳል።»

«ሽኩር፣ ልጆቹን ዛሬ የሚጭኗቸው በዚህ ሎሪ ነው።»

እጁ በመስታወቱ ላይ ቆመ። ግን አልደነገጠም። ዋሲላ ይህን አየች፤ ከጠዋት ጀምሮ ካየችው ሁሉ የባሰውም ይህ ነበር።

«ታውቃለህ» አለች።

«ትናንት በአሱር ሶላት ሰዓት ነገሩኝ።»

«ሲኒያውንስ መቼ ቆረጥከው?»

ሽኩር ቀለበቷን አነሣ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት። «ማታ» አለ።

ዋሲላ የተገለበጠ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀመጠች። ብዙ የስድብ ቃል ታውቃለች፤ በገበያ የኖረች ሴት ናት፤ አንዱም አልመጣላትም። ሽኩርም አላባበላትም። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ አባታቸው የሞተ ቀን እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ነው ያመሹት። ከሮቃው ላይ እርግብ ተነሣች። ከመንገዱ ወዲያ የእርሻው ትራክተር እየተንደቀደቀ አለፈ። ድምፁ ሲርቅ ሽኩር ካቻቢቴ አንሥቶ ወደ ሞተሩ ሄደ፤ «ነይ ስሚው» አላት።

ከሞተሩ ፊት ትልቁ ጥርሳም ማርሽ ተጋልጧል። ካቻቢቴውን ከኋላው ሰክቶ ወደፊት ሲገፋው ቀጭ አለ፤ ወደ ኋላ ሲመልሰው ቀጭ አለ። «ይህ ካምሻፍቱ ነው» አላት። «ቫልቮላዎቹን ተራ በተራ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ። ጉብታ ጉብታ አለው፤ እያንዳንዱ ጉብታ አንድ በር ያንኳኳል። የድሮው ጉብታው ተበልቶ ጉልበት አልነበረውም፤ ዳገት ላይ ይለምን ነበር። አሁን ያስገባሁለት ከፍ ያለ ጉብታ ያለው ነው፤ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውንም፣ አስላግቼለታለሁ። ይህ ሞተር አሁን እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁለት እጥፍ ጭኖ ይወጣል። ግን ጉልበት ሲጨመርለት ዘንጉም አርፎ አይቀመጥም። ወደፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊቱ ላይ የሚይዘው ብረት ደግሞ ተበልቷል። የጎደለውን የምሞላው በዚች ነው።» ቀለበቷን በጣቱ ላይ አሳያት። «አንድ ምላጭ መግባት አለበት። ሁለት ምላጭ መግባት የለበትም። ከዚያ ውጭ ሌላ መለኪያ የለኝም።»

«ሁለት ቢገባ ምን ይሆናል?»

«ሜዳ ላይ ምንም አይሆን። ዳገት ላይ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር፣ ነዳጁን ለቆ መልሶ ሲረግጥ፣ ዘንጉ ይሸሻል። ጉብታው የራሱን በር ትቶ የጎረቤቱን ጠርዝ ይመታል። ያስላል፤ ከዚያ ይሰበራል። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም ይደነድናል፤ የሰው እግር አይዘውም።»

«አንዱም እንዳይገባ አድርገህ አጥብቀው እንግዲያ። እዚሁ፣ ከቀበሌው ደጅ ሳይነሣ ይሙት።»

«ሲጠብቅ የሚያጣብቀው ሲግል ነው። የሚግለው ደግሞ ዳገት ላይ ነው።» ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠረገው። «ሌሊቱን ሙሉ በዚህ መጣሁ፣ በዚያ መጣሁ። ብልሽትን እዚህ ሁን፣ እዚያ አትሁን ብሎ ማዘዝ አይቻልም፣ እቴ።»

«አልሠራም በል። ታመምኩ በል።»

«የእርሻውን ትራክተር ጠጋኝ ያመጣሉ። እሱ ምላጭ አያውቅም፤ በመዶሻ መትቶ ይገጥመዋል። ልጆቹንም ጭነው በዚያው ይወጣሉ። እነሱ ምን ገዷቸው፤ ጎንደር ሲደርሱ ይቆጥሯቸዋል፣ የጎደለውን ከሌላ ቀበሌ ይሞላሉ።»

ሌላ በር አልቀረም። ዋሲላ ግን ገና እየፈለገች ነበር፤ እናት በሩ ሁሉ ተዘግቶ ግድግዳውን የምትዳብስ ፍጡር ናት። ሽኩር ቀለበቷን አስገብቶ፣ ማርሹን አጥብቆ፣ ምላጩን ሞከረ። አንዱም አልገባም፤ ገና ወፍራም ናት። መልሶ አወጣት። ትከሻውን በሌላው እጁ ያሸዋል፤ ከንጋት ጀምሮ ሲፈትግ ክንዱ ዝሏል። ከዚያ ቀለበቷን አቀበላት።

«እጅሽ ከእኔ እጅ ይቀላል» አለ። «የእማዬን ነሐስ በአመድና በሎሚ የምትወለውዪው አንቺ ነበርሽ። ቀስ እያልሽ ፈትጊልኝ፤ በየመሐሉ እሞክረዋለሁ።»

ዋሲላ ቀለበቷን ተቀበለች። በአንድ ወገኗ አሁንም የእናቷ ሲኒያ ቅርጽ አለባት፤ የአበባ ሐረግ ጭራ፣ በሞረድ ያልጠፋ። ወዲያው የገባት ነገር አናደዳት። ክንዱ መዛሉ እውነት ነው፤ ግን የሰጣት ለዛለው ክንዱ ብቻ አይደለም። ብቻውን መሸከም አቅቶት ነው። ፍትጊያውን ጥቂት ብታበዛው ይላላል፤ ጥቂት ብታሳንሰው ይጠብቃል፤ እሱም አይቶ እንዳላየ ሊገጥመው ይችላል፤ ኋላ ቢጠይቁትም የሚምለው መሐላ ይኖረዋል። ወንድሟ ሥራውን ሰጣት፤ ፍርዱንም አብሮ። ቀና ብላ አየችው። ወደ ሮቃው ጥላ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳ ለዝሁር ሶላት እጁን ይታጠባል። የማሽን ቅባት በውሃ አይለቅም፤ እሱ ግን ያንኑ እጁን ደጋግሞ ያጥባል።

ፈተገች። የነሐሱ ትቢያ በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ እንደ ወርቅ ዱቄት ተነሰነሰ። በመዳፏ ሥር ቀለበቷ ስትሞቅ ይሰማታል። ሽኩር መጥቶ ሞከረ፤ አልገባም። ፈተገች። ሞከረ፤ ምላጩ ጫፉን ነክሶ ቆመ። «ጥቂት ቀረው» አለና ተመልሶ ሄደ፤ ለሶላት ቆመ። አሁን ብቻዋን ናት። ፈተገች። ጥቂቱ የትኛው ጋ እንደሚያልቅ እጇ ያውቀዋል፤ ነሐስ ሲበቃው ድምፁ ይለወጣል፣ ይለሰልሳል። ድምፁ ሲለወጥ ሰማችው። እጇ ግን አልቆመም። አንድ ዙር ሄደ። ሎሪው ቆሞ፣ ልጆቹ ወርደው በዳገቱ ጫካ ሲበተኑ አየች፤ ኢሳ በሩጫ ወደ ሽንፋ ወንዝ ሲወርድ፣ ማዶ ሲሻገር አየች። ሥዕሉ አማራት። ከዚያ ያው ሥዕል ሳትጠራው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ልጆቹ ከላይ የታሰረባቸውን ሸራ በጥፍራቸው ሲይዙ፣ ኢሳ በመሐላቸው ሆኖ፣ አይቆምም ብያችሁ አልነበር እያለ፣ ለእነሱ እየማለ።

እጇን አነሣች። ቀለበቷን በመስታወቱ ላይ አስቀመጠች፤ ትቢያውን እፍ አለችው። ሽኩር ሶላቱን አሰላምቶ መጥቶ ገጠማት። አንዱን ምላጭ ከነስስነቱ በማርሹ ጀርባ አስገባው፤ ገባ፣ ጠበቅ ብሎ። ሁለቱን ደርቦ ሞከረ፤ አልገቡም። በሌላ ወገን ሞከረ፤ አልገቡም። ካቻቢቴውን ሰክቶ ወደፊትና ወደ ኋላ ነቀነቀው፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ ጠፍቷል፤ የሰው ትንፋሽ የሚያህል እንቅስቃሴ ብቻ ቀርቷል። ሽኩር ምላጮቹን መልሶ በወረቀታቸው ጠቀለላቸው። 

ከዚያ በኋላ የነበረው የመግጠም ሥራ ነው። ዋሲላ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ነጭ ልብስም አላመጣችም። ጣሳው ላይ እንደተቀመጠች፣ ሽፋኑ ሲዘጋ፣ ራዲያተሩ ሲገባ፣ ሹፌሩ አዱኛ መጥቶ በእጅ ማዞሪያው ማኖቬላ ሲመታው አየች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ተነሣ። አዱኛ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ሽኩር፣ ይሄ እኮ የጥንት ባሏ የመጣላት ሴት ይመስላል፤ ዘፈን ነው» አለ። ማንም እንዳልሳቀለት ሲያይ ዓይኑ ዋሲላ ላይ አረፈ። ማን እንደሆነች ያውቃል። «ቀስ ብዬ ነው የምወጣው፣ እናቴ» አላት፤ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ልጆቹን ከአዳራሹ አወጧቸው። እጃቸውን በፊተኛው ትከሻ ላይ እያስደረጉ አንድ በአንድ ሎሪው ላይ ጫኗቸው። የአገኘሽ ወንድም መውጣት አቅቶት ከኋላ ገፉት። ዘሩ ወንበር ላይ ቆሞ ስለ እናት አገር ተናገረ፤ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ እልል እንዲሉ አዘዘ። መጀመሪያ ዝም አሉ። አብዮት ጥበቃዎቹ በመሐላቸው መመላለስ ሲጀምሩ ከኋላ አንዲት አሮጊት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እልልታው መሐል ላይ እየተሰበረ ወደ ሙሾ ይዞራል፣ ዘበኞቹ ሲያዩአቸው ደግሞ ተመልሶ እልልታ ይሆናል። የእናትን አፍ በጠመንጃ ከፍቶ እልልታ የሚቀዳ ሥርዓት ነበር፤ ቀድቶም ጠጥቶ የሚረካ። ዋሲላ አፏን አልከፈተችም። ኢሳ ከሎሪው ጎን ላይ አንገቱን አስግጎ መጀመሪያ ያየው እሷን አይደለም፤ ሽኩርን ነው። ቀኝ እጁን አንሥቶ ሞተሩ ወዳለበት ጠቆመው፤ ደኅና ነው? ማለቱ ነው። ሽኩር አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ፈገግ አለና ከዚያ በኋላ እናቱን ፈለገ። ሲያገኛት ሎሪው ተንቀሳቅሶ ነበር።

አቧራው እስኪወርድ ሴቶቹ ቆሙ። ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተበተኑ። አገኘሽ ነጠላዋን በአፏ ነክሳ ብቻዋን ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ሄደች። ዘሩ በሽኩር አጠገብ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ሥራ ማለት እንዲህ ነው፣ ጓድ» አለው።  እኅትና ወንድም መንገዱ ዳር ቀሩ። ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል አዘንብላለች፤ ሙቀቱ ግን ከመሬት ይነሣል። ሜዳው ረጅም ነው፤ ድምፅ በሜዳ ላይ ሩቅ ይሄዳል። ሎሪው ከዓይን ከተሰወረ በኋላም ሞተሩ እየተሰማ ነበር፤ ጥርት ብሎ፣ እኩል እኩል እየመታ።

ዋሲላ ታዳምጣለች። ሽኩርም ያዳምጣል። እሱ የሚያዳምጠው ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ዘንጉ እንዳይሸሽ ነው። እሷ የምታዳምጠውን ግን ለራሷም አልነገረችም፤ ከከተማው መውጫ ያለችው ትንሽ አቀበት ላይ ከዳገቱ ርቆ፣ ገደል በሌለበት፣ ሰው በማይሞትበት ቦታ አንድ ጊዜ ቢያስል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቆም። ሎሪው አቀበቷ ላይ ደረሰ። ድምፁ ዝቅ አለ። አዱኛ ነዳጁን ለቀቀ፤ ለአፍታ ምንም አልተሰማም። የዋሲላ እጅ የወንድሟን ክንድ ያዘ። ከዚያ ሞተሩ ማርሹን ተቀብሎ፣ ሳያስል፣ ሳይንገዳገድ፣ በሙሉ ጉልበቱ ወጣ። ሽኩር በረጅሙ ተነፈሰ። እጇን ከክንዱ ላይ አነሣች።

ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። የንብ ያህል ሆነ፤ የትንኝ ያህል ሆነ። በኋላ ጭራሹን ጠፋ። ዋሲላ ፊቷን ወደ ወንድሟ መለሰች፤ ከጠዋት ጀምሮ በፊቷ ላይ ያልነበረ ነገር ሽው አለበት።

«ቆመ?» አለችው።

ሽኩር ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

«አልቆመም፣ እቴ» አላት። «ርቆ ነው።»